ምራትና አማት የተወዳደሩባት ደሴት

ከተመለስኩ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ባሕሩ ነው። «ባሕሩ እንዴት ነው? ዋኘሽ ወይ?» ኧረ ወዲያ! በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ዋና! ባሕሩን ከመኪና መስኮት አይቼዋለሁ፤ ሰማያዊ ነው፣ ብዙ ነው፣ አለቀ። እኔ ላወራችሁ የምፈልገው ስለ መንግሥት ቢሮና ስለ ምርጫ ነው። ሳቁ እንግዲህ። ዕድሜዬን የጨረስኩት አራዳ ውስጥ፣ በወረዳ መዝገብ ቤት ነው። ምርጫ በመጣ ቁጥርም አምስት ኪሎ አካባቢ ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጬ የሰው ጣት ቀለም ስቀባ ኖሬያለሁ። ሌላው ሰው አገር ሲጎበኝ ፏፏቴ ያያል፤ የእኔ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወረፋው ላይ ነው።

ደሴቲቱ ሬዩኒዮን ትባላለች። ከማዳጋስካር ባሻገር ሕንድ ውቅያኖስ መሀል የተቀመጠች፣ መንግሥቷ ግን ፓሪስ የሆነ አገር ናት። ልጄ ማኅሌት እዚያ አግብታ ትኖራለች። ባሏ ፓትሪስ የደሴቲቱ ልጅ ነው፤ ለሥራ አዲስ አበባ መጥቶ በነበረ ጊዜ ነው የተዋወቁት። እሷ ነርስ ናት፤ በየተራራው እየዞረች ሽማግሌና አሮጊት ታክማለች። ዜግነቱንም አግኝታለች። ዘንድሮ ጾሙ ከገባ በኋላ ደወለችና «እማዬ፣ ለከተማው ምክር ቤት ልወዳደር ነው» አለችኝ። ጎሽ አልኩ። ቀጥላ ግን «የምወዳደረው ከፓትሪስ አባት በተቃራኒ ነው» አለች።

የፓትሪስ አባት የከንቲባው ምክትል ናቸው። እሷ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ስሟን ካስመዘገበች ወዲህ አንድ ግቢ እየኖሩ አያናግሯትም፤ ስሟን እንኳ አይጠሩም። እኔ ፖለቲካ ቤት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ፤ ለቅሶ የማይደራረሱ ወንድማማቾች አውቃለሁ። ልጄ በምክር ቤት ወንበር ትዳሯን ልትለውጥ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ጎረቤቴ ዘሀራ ነች የቆረጠችልኝ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ሄደሽ አስታርቂያ!» አለችኝ።

ረቡዕ

ዘሀራ ሻንጣዬን ስታሰናዳልኝ «ባዶ እጅሽን እርቅ አትጀምሪም» ብላ አንድ ጋቢ ጨመረችበት፤ ለልጄ አማት መሆኑ ነው። ሽሮውና በርበሬውም ተጠቀጠቀ። ከፒያሳ ቦሌ ድረስ የወሰደኝ ባለታክሲ «እማማ፣ ጉዞ ወዴት ነው?» አለኝ። «ምርጫ ላይ» አልኩት። «የት?» «ደሴት ላይ ነዋ።» በመስታወቱ አየኝና «እርስዎማ ሙድ እየያዙብኝ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

መሀል ላይ ሌላ ደሴት ወርጄ አውሮፕላን ቀየርኩ። ጉዱ የተፈጠረው እዚያ ነው። እኔ ተሳፈርኩ፤ ሻንጣዬ ቀረ።

ሐሙስ

ፓትሪስ ኤርፖርት ተቀበለኝ። ሻንጣው አለመምጣቱን ነግሮልኝ አንዲት ልጅ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አድርጋ ወረቀት ሰጠችን። «ቤት ድረስ ያመጡታል» አለኝ። ከት ብዬ ሳቅሁበት። እኔ ደግሞ «እንደውልልዎታለን» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ማንን ነው የምታታልለው? «እማዬ፣ ፈታ በይ!» አለኝ። አማርኛ የለመደው ፒያሳ ካፌ በር ላይ ነው፤ አማቱን ከጓደኛው ለይቶ ማናገር እስከዛሬ አልቻለበትም። ልቡ ግን ወርቅ ነው።

መንገዱ ከባሕሩ ተነሥቶ ተራራውን ይወጣል፤ እንጦጦን ደጋግሞ እንደመውጣት ነው። ሰዉ አፍሪካዊ ነው፣ ሕንድ ነው፣ ቻይና ነው፣ ፈረንጅ ነው፤ ብዙውም ሁሉንም ነው። አንዳንዱን ሳየው «ይህቺን ልጅ ሥላሴ አካባቢ አላውቃትም?» እላለሁ። መብራቱ፣ አስፋልቱ፣ ገንዘቡ፣ ሕጉ የፓሪስ ነው። ፓሪስ ራሷ ግን በአውሮፕላን ሌሊቱን ሙሉ የሚኬድባት ሩቅ ከተማ ናት። ከዚያ ተሹሞ የሚመጣ አንድ አስተዳዳሪ አለ፤ የመንግሥት ዓይን እሱ ነው። ከንቲባውን ግን ሕዝቡ በመረጠው ምክር ቤት አማካይነት ራሱ ያወጣል። ፓትሪስ ይህን እየነዳ ሲያስረዳኝ እኔ የማስበው ስለ አባቱ ነበር።

ማኅሌት በር ላይ ጠብቃ አቀፈችኝ። ከስታለች። የፓትሪስ እናት ማዳም ሮዝ ጾም መሆኑን አስቀድመው አጣርተው ቀይ ባቄላ በሩዝ፣ የተፈጨ ቲማቲም በሚጥሚጣ መሳይ ቃሪያ፣ ደግሞ ቁርጥ የእኛን ጎመን የሚመስል ቅጠል ሠርተውልኛል። ዶሮውን ለቤተሰቡ በሌላ ድስት ለይተው፣ ማንኪያ እንኳ እንዳይነካካ ይጠብቁ ነበር። አገሬ ያለ ዘመድ እንዲህ አይጠነቀቅልኝም ብል ግነት አይሆንብኝም።

ከዚያ አባትየው መጡ። ረጅም፣ ሽበታም፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ ሰው ናቸው። የድሮ አዲስ አበቤ ፈረንሳዩን ሁሉ «ሙሴ» ይል የነበረው ትዝ አለኝና ሙሴ ሬኔ አልኳቸው፤ ደስ አላቸው። ጉንጬን ሳሙኝ፣ ወንበር ሳቡልኝ። ማዕዱ ላይ ግን ቃሪያው ማኅሌት ፊት ተቀምጦ ሳለ ዞር ብለው ፓትሪስን «አቀብለኝ» አሉት። ፓትሪስ በሚስቱ ላይ ተንጠራርቶ አቀበላቸው። እሷም ዓይኗን ከሳህኗ አላነሣችም። ያን የመሰለ ባቄላ ሳልጨርሰው ተነሣሁ።

ዓርብ

ጠዋት ፓትሪስን «ቢሯቸውን አሳየኝ» አልኩት። ዕቅዴን አልነገርኩትም።

የከተማው ማዘጋጃ ቤት ቁልቁል፣ ገበያው አጠገብ ነው። በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሽ፣ «ወዴት ነው?» የሚል ዘበኛ የለም። ትገባለህ፣ ከማሽኑ ቁጥር ትወስዳለህ፣ ትቀመጣለህ። ቁጥርህ ሲጠራ ጸሐፊዋ መጀመሪያ «እንደምን አደሩ» ትላለች። እኔ ይህን ጠብቄ ቆጠርኩባት፤ ለአንዱም ሳትል አልቀረችም። አንድ ሽማግሌ፣ ፓትሪስ እንደተረጎመልኝ፣ የጎረቤቱ ውሻ እንዳላስተኛው ሊከስ መጥቶ ነበር። በልቤ «አንተ ምስኪን፣ ዛሬ ትመላለሳታለህ» አልኩ። ጽፈውለት፣ ማን ሄዶ ጎረቤቱን እንደሚያናግር ነግረውት፣ ወጣ። «ሲስተም የለም» የሚል ቃል የሰማሁ መስሎኝ ጆሮዬን ብቀስርም አልመጣም። ለነገሩ የእኛም ቢሮ አሁን አሁን እየተሻሻለ ነው። ግን ጨዋነቱን፣ የዚያችን ልጅ ሰላምታ፣ ቋጥሬ ባመጣው ብዬ ተመኘሁ።

ደጅ ላይ የብረት ሰሌዳዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ቡድን እኩል አንድ ሰሌዳ ይሰጠዋል፤ ሥልጣን ላይ ያለውም፣ የሌለውም። እዚህ ከተማ ሁለት ቡድን ብቻ ነው ያለው። የከንቲባው ቡድን ላይ ሙሴ ሬኔ ፈገግ ብለዋል፤ ጎን ለጎን የእኔ ማኅሌት ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ። ሁለቱም ፎቶ ላይ ጎረቤት ናቸው። ዓይኔ እንባ ሞላ።

ፓትሪስን ደጅ ትቼ ተመልሼ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ በዚህ መሀል ሙሴ ሬኔ ከቢሯቸው ወጥተው መጡ። ጋቢው ቢኖር ጋቢውን አቅርቤ እጀምር ነበር። ባዶ እጄን ነኝ፤ ያለኝ ጉልበቴ ነው። ብድግ አልኩና እግራቸው ላይ ተደፋሁ፤ ጉልበታቸውን ይዤ «በሥላሴ ይዤዎታለሁ! ልጅ ናት፣ አጥፍታለች፣ ይቅር ይበሏት!» አልኩ። እኛ ዘንድ እናት እንዲህ ከወደቀች ተነሺ ይባላል፣ ይለቀሳል፣ ነገሩ ያልቃል።

እነሱ ራሴን የሳትኩ መሰላቸው! ጸሐፊዋ ጮኸች። ሁለት ወጣቶች መጥተው በጀርባዬ አንጋለሉኝ፤ አንዱ እግሬን ወደ ላይ ሰቅሎ ያዘ። በጾም፣ በነጠላዬ፣ በሰው ፊት! «ልቀቀኝ! ደህና ነኝ!» እላለሁ፣ ማን ይሰማኛል? ሙሴ ሬኔ ራሳቸው ተንበርክከው በፋይል ያራግቡልኛል። ፓትሪስ እየሮጠ ደርሶ ምን እያልኩ እንደነበረ ሲተረጉምላቸው የአዳራሹ ሰው ሁሉ ሰማ። ሙሴ ሬኔ ፊታቸው ቀላ። ውኃ አምጥተው አጠጡኝና ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ከሰዓት በኋላ የማኅሌት ስልክ ማረፍ አልቻለም። ወሬው ገበያውን አዳርሷል፤ «የነርሷ እናት ከአፍሪካ መጥታ ምክትሉን ለምናለች፤ ልጅቷ ከውድድሩ ልትወጣ ነው» ይላል። ማኅሌት መጥታ ፊቴ ቆመች። «እማዬ፣ ምን አጠፋሁ ብለሽ ነው ይቅርታ የጠየቅሽልኝ?» አለች። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

አሁን ይህን ሕጋቸውን ስሙ። ከምርጫው በፊት ባለው ቀን ቅስቀሳ ክልክል ነው። ሰው ተረጋግቶ ያስብበት ተብሎ ነው። ደግ ሕግ ነው፤ ለልጄ ግን እሳት ሆነባት። «አልወጣሁም፣ አለሁ» ብላ በአደባባይ ማስተባበል አትችልም። ቤቷ ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች፣ የታጠፈውን ፈትታ መልሳ ታጥፋለች። እኔ ኩሽና ውስጥ ተሸሽጌ ሽንኩርት እልጣለሁ።

ረፋዱ ላይ በር ተንኳኳ። ሻንጣዬ! አንድ ጎልማሳ ከኤርፖርት ድረስ ተራራውን ወጥቶ አምጥቶ አስፈረመኝና «መልካም ቀን» ብሎኝ ሄደ። አፌን ይዤ ቀረሁ። ጋቢው ግን አንድ ቀን ቀድሞ ቢመጣ ምን ነበረበት?

ማዳም ሮዝ መጥተው አብረውኝ መላጥ ጀመሩ። ፓትሪስን ጠርተው ንገራት አሉት። ሙሴ ሬኔ ዓርብ ማታ ገበያው ጥግ ያለች ሱቅ ሄደው፣ ወሬው የሚፈላው እዚያ ነውና፣ ቆመው ተናግረዋል፤ «ምራቴ ከውድድሩ አልወጣችም። እናቷ እንግዳ ናቸው፣ ያገራቸውን ወግ ነው ያደረጉት። እኔ ምራቴን በድምፅ ላሸንፋት ነው የምፈልገው፤ እንድትወጣልኝ አይደለም» ብለው።

ልጣጩ ከእጄ ወደቀ። ወሬው የሚጠቅመው እሳቸውን ነበር እኮ! ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። «ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ልጄን ለምን አያናግርም?» አልኩ። ፓትሪስ ትከሻውን ነቀነቀ። «ግማሹ ኩርፊያ ነው። ለመወዳደር ማሰቧን ከእሷ አፍ ሳይሆን ከሰው ነው የሰማው። ግማሹ ደግሞ ሕግ ነው፣ እማዬ። ባለሥልጣን ነው፣ የቤቱም ሽማግሌ ነው። አንድ ቃል ቢናገራት ቤት ውስጥ አስፈራራት ይባላል። ስለዚህ ቃሪያም አቀብዪኝ አይልም» አለኝ። ለማኅሌት ስነግራት «እስኪ ይሁን» ብላ ፎጣዋን ቀጠለች።

እሑድ

ምርጫው ሰፈሩ ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት ነው። ጣቢያውን የሚመሩት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ሙሴ ሬኔ። በእነሱ ሕግ ከንቲባውና ምክትሎቹ ራሳቸው የምርጫ ጣቢያ ሰብሳቢ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ጎናቸው ግን የሌላው ቡድን ሰው ተቀምጦ ዓይኑን ከሣጥኑ አይነቅልም። የሣጥኑ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ በሰብሳቢው፣ አንዱ በሌላ ሰው እጅ። ሣጥኑ ወለል ብሎ የሚታይ ነው። እኔ መራጭ ስላልሆንኩ በር ላይ ቆሜ እንዳይ ፈቀዱልኝ።

መራጩ መታወቂያውን ያሳያል፣ የሁለቱንም ቡድን ወረቀትና አንድ ፖስታ ያነሣል። አንዱን ብቻ አንሥቶ መግባት አይሆንም፤ ያኔ ማንን እንደመረጠ ይታወቃላ። መጋረጃ ውስጥ ገብቶ የፈለገውን ይከታል፣ የቀረውን ይጥላል። ቀለም የለም፤ መዝገቡ ላይ ፈርሞ ይወጣል። ጣቴን አየሁትና ሳቄ መጣ፤ ያ ሁሉ ስቀባ የኖርኩት ጣት!

ማኅሌት ተራዋ ደረሰ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት፤ ታሪኩን የማያውቅ የለም። ከመጋረጃው ወጥታ ሙሴ ሬኔ ፊት ቆመች። ሰብሳቢው የመራጩን ስም ጮክ ብሎ መጥራት አለበት። መታወቂያዋን ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ «ማኅሌት ተስፋዬ!» አሉ። ፖስታዋ ወደቀ። «መርጣለች!» አሉ፣ አሁንም ጮክ ብለው።

ተስፋዬ ባለቤቴ ነው። ካረፈ ቆይቷል። የዚያን ሰው ስም በዚያ ሩቅ ደሴት፣ በዚያ ድምፅ ሲጠራ ስሰማ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። «ጠሯት! ስሟን ጠሯት! ታረቁ!» አልኩት ፓትሪስን። ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ «እማዬ፣ ለሁሉም እንዲያ ነው የሚለው» አለኝ። እውነትም ቀጥለው የመጡትን አሮጊት እንዲሁ ጠሩ። ማኅሌት ፈርማ፣ ሳታያቸው ወጣች።

ማታ ቆጠራው ተጀመረ። ይህ ነው ልቤን የወሰደው። የሚቆጥረው ሕዝቡ ነው! ጠዋት የመረጡ ጎረቤቶች፣ አናጢው፣ መምህሯ፣ ባለሱቁ፣ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ፖስታውን ይከፍታል፣ ሌላው ያነብባል፣ ሁለቱ ምልክት ያደርጋሉ። የፈለገ ሰው በመካከላቸው እየዞረ ያያል። አንዲት ሴት ሕፃኗን ጡጦ እያጠባች ከኋላቸው ቆማ ትከታተል ነበር። እኛም ቤት ታዛቢ አለ፣ ፊርማ አለ፤ እንዲህ ግን ተራው ሰው ወንበር ስቦ ተቀምጦ ሲቆጥር አላየሁም። ደስ አለኝ፣ ቀናሁም።

ሲያልቅ ሙሴ ሬኔ ተነሥተው አነበቡ። በዚህ ጣቢያ፣ በራሳቸው ሰፈር፣ የበለጠው የማኅሌት ቡድን ነው። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ትንሽ ቆይቶ ከማዘጋጃ ቤቱ የከተማው ሙሉ ውጤት ተደወለ፤ በጠቅላላው ያሸነፈው የእሳቸው ቡድን ነው። ቢሆንም የተሸነፈው ባዶ እጁን አይቀርም፤ በድምፁ ልክ ወንበር ይሰጠዋል። ማኅሌት በቡድኗ ዝርዝር ላይ ሁለተኛ ስለሆነች ምክር ቤት ገብታለች። እሷም፣ እሳቸውም። እኔ ማንን እንኳን ደስ ያለህ እንደምል ግራ ገባኝ።

ያኔ ሙሴ ሬኔ ጠረጴዛውን ዞረው መጡና ልጄ ፊት ቆሙ። በሕግ ያልታዘዘ ነገር ሲናገሯት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ፓትሪስ ተረጎመልኝ፤ «ስብሰባው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የላይኛውን ሰፈር ቢሮ ወጪ አንብበሽ ነይ። ሳይዘጋጅ ከሚመጣ ሰው ጋር አልከራከርም።» ማኅሌት አንገቷን ቀና አደረገች። «እኔ አንብቤዋለሁ። ያላነበቡት እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። ክው አልኩ። እሳቸው ግን አፋቸውን ከፍተው መመለስ ጀመሩ፤ እሷም መለሰች።

ፓትሪስ ወንበር ሊደረድር ቀረ፤ እኛ በሙሴ ሬኔ መኪና ገባን። ማዳም ሮዝ ፊት፣ እኔና ማኅሌት ኋላ። ልጄ ወደ ፊት ተንጠራርታ፣ እጇን እያወናጨፈች ትናገራለች። እሳቸው በአንድ እጃቸው እየነዱ በሌላው ይመልሳሉ። ዝርዝሩን ኋላ ማኅሌት ናት ያስረዳችኝ። የምታክማቸው ሽማግሌዎች ፊርማ ለማስፈረም ተራራውን ከሚወርዱ የላይኛው ቢሮ በየቀኑ ይከፈት ባይ ናት። እሳቸው ደግሞ ሠራተኛ ቀጥሬ ባዶ ወንበር አላስጠብቅም ባይ ናቸው። ማዳም ሮዝ መስኮቱን ከፍተው ወደ ውጭ ያያሉ፤ ፈገግታቸውን በጎን አየሁት። በአንዱ መታጠፊያ ላይ ሙሴ ሬኔ «ማኅሌት!» ብለው ጮኹ፣ ማንም «ስሟን ይጥሩ» ሳይላቸው።

ክንዷን ጎተት አድርጌ «ምን አሉሽ?» አልኳት።

«ቆይ እማዬ፣ አታቋርጪን፣ እየተጣላን ነው!» አለችኝ።

ወንበሩን ተደግፌ ዝም አልኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ዝም ብዬ አላውቅም።